አባቴ ከሞተ ጀምሮ ምንም አይሰማኝም፣ ሰው ግን «ጠንካራ ነህ» ይለኛል

ሸዋበር ሰፈር

ሰላም ጀመአው፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። ደሴ ነኝ፣ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለኝ፣ አግብቼ አንድ ሴት ልጅ አለችኝ። አባቴ ክረምት ላይ ወደ አኼራ ሄደ። ስትሮክ መትቶት ብዙ ጊዜ አልጋ ላይ ነበር፣ ማስታመሙንም በአብዛኛው እኔ ነኝ የያዝኩት። የበኩር ልጅ ስለሆንኩ ጀናዛውም፣ ቅሬውን (እድራችንን) ማናገሩም፣ ከወረባቦና ከቃሉ የመጣውን ዘመድ ማሳደሩም፣ ሰደቃውም እኔው ላይ ነበር። አንድ ጠብታ እንባ አልወጣኝም። ሽማግሌዎቹ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ «ወንድ እንዲህ ነው፣ ቤቱን ያዝክ» ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሻችሁም።

ችግሩ ከዛ ወዲህ ያለው ነው። ሀዘኑ ይቅር እሺ፣ ደስታውስ የት ገባ? ታናሽ እህቴ ተመረቀች፣ ቤቱ በእልልታ ሲናጋ እኔ የለስላሳ ሳጥን እየቆጠርኩ ነበር። ልጄ ከትምህርት ቤት ሮጣ ስትመጣ አቅፋታለሁ፣ ግን ማቀፍ ስላለብኝ ነው የማቅፋት፣ ውስጤ ምንም የለም። ባለቤቴ ባለፈው «ከሰው ጋር ነው ወይስ ከግድግዳ ጋር ነው የምኖረው?» አለችኝ፣ እሱም አላናደደኝም፣ አለመናደዴ ነው የገረመኝ።

ድሮም ረጋ ያልኩ ነኝ። ዩቲዩብ ላይ «ስሜትህን ግዛ፣ ስሜታዊ ሰው ተሸናፊ ነው» ምናምን የሚሉ ነገሮች አብዝቼ እሰማ ነበር፣ ደግሞ ጠቅሞኛል፣ በ2014 ጥቅምት ከደሴ ስንወጣ ሁሉም ሲርበተበት ቤተሰቡን ሰብስቤ ደብረ ብርሃን ያደረስኩት በዛ ባህሪዬ ነው። ስለዚህ ጥያቄዬ፣ ስሜትን መቆጣጠር የሚባለው ነገር ራሱ ስህተት ነው ወይስ እኔ አበዛሁት? ክፈተው የምትሉኝ ከሆነስ በምን ይከፈታል? ሰው ፊት ቁጭ ብሎ መነፋረቅ ግን አልፈልግም፣ ከአሁኑ ልናገር።

ጦሳ ስር

አብሽር ወንድሜ፣ አላህ አባትህን ጀነተል ፊርደውስ ይወፍቃቸው። ምንም አልሆንክም፣ ሰብር (ትዕግስት) ያለህ ሰው ነህ በቃ፣ ሌላው የሚመኘውን ነገር አንተ በሽታ አደረግከው። ይሄ ስሜት ስሜት የሚባለው ነገር የፈረንጅ ቅብጠት ነው። አባቶቻችን ሰባ ሰባትን ያለፉት ቴራፒስት ጋ ተኝተው አይደለም። ቁርኣንህን ቅራ፣ ሱቅህን ስራ፣ ጊዜ ይፈታዋል።

ኮምቦልቻ ልጅ

እኔ የምልህ ጦሳ ተራራ ውጣና እስኪበቃህ ጩህ፣ ወይ ጂም ግባና ቦክሱን ደብድበው። የታመቀ ነገር መውጣት አለበት፣ እኔ ስናደድ እንደዛ ነው የማደርገው።

ገራዶ

የአእምሮ ጤና ላይ ነው የምሰራው፣ በስልክ ስለምጽፍ ፊደል ብገድፍ ይቅርታ።

መቆጣጠሩ ራሱ ስህተት አይደለም። ግን ሰው ስሜቱን የሚይዝበት መንገድ ብዙ ነው፣ የሚያስከፍሉትም እኩል አይደለም። ጄምስ ግሮስ የሚባል የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የስነልቦና ተመራማሪ ይሄን ጉዳይ በፈረንጆቹ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሲያጠና የኖረ ነው። አንደኛው መንገድ ነገሩን የምታይበትን አይን መቀየር ነው፣ ደንበኛ ሱቅህ መጥቶ ሲጮህብህ «መኪናው መንገድ ላይ ቆሞበት ነው እንጂ እኔን ጠልቶ አይደለም» ካልክ ንዴቱ ሳይጋል ይበርዳል። ሌላኛው ስሜቱ ከመጣ በኋላ ፊት ላይ እንዳይታይ ማፈን ነው። ግሮስና ሌቨንሰን የሚባል ባልደረባው ሰዎችን ፊልም እያሳዩ ግማሾቹን «ምንም እንዳይታይባችሁ» አሏቸው፣ እውነትም ብዙ አልታየባቸውም፣ ውስጣቸው የተሰማቸው መጥፎ ስሜት ግን አልቀነሰም፣ እንደውም ልብና ደም ስራቸው ላይ ያለው ጫና ነው የጨመረው። አንተ የለመድከው ሁለተኛውን ይመስለኛል።

ደስታው የት ገባ ላልከው፣ ግሮስና ኦሊቨር ጆን በ2003 (የጥናቶቹን አመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ባወጡት ጥናት ማፈንን ልማድ ያደረጉ ሰዎች ደስ የሚሉ ስሜቶችም ከሌላው ሰው ባነሰ ነው የሚሰሟቸው። ሀዘኑን ብቻ ለይተህ አስቀርተህ ሳቁን ልታሳልፍ አትችልም። ባለቤትህም አላጋነነችም። በዛው አመት ኤሚሊ በትለርና ባልደረቦቿ የማይተዋወቁ ሴቶችን ሁለት ሁለት አድርገው ስለሚረብሽ ፊልም እንዲያወሩ አደረጉ፣ ከሁለቱ አንዷ ብቻ ስሜቷን እንድትደብቅ ለብቻዋ ተነገራት። የደም ግፊቷ የጨመረው የደበቀችው ብቻ አይደለችም፣ ምንም ያልተነገራት ፊት ለፊቷ የተቀመጠችውም ጭምር ናት። ለአንድ ወሬ እንዲህ ከሆነ አብሮህ ለሚያድር ሰው አስበው።

ኮምቦልቻ ልጅ፣ ምክርህ ከልብ እንደሆነ አውቃለሁ ግን ቦክሱን ተወው። ብራድ ቡሽማን በ2002 ያንን ነው የሞከረው፣ ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ ቦክስ የደበደቡት ሰዎች ዝም ብለው ከተቀመጡት የበለጠ ተናደው ነው የተገኙት። ጂሙ ለጤና ጥሩ ነው፣ ሰውየውን እያሰብክ ከሆነ ግን ንዴቱን እየቀለብከው ነው።

ጦሳ ስር ወንድሜ፣ ስለ ሰባ ሰባት ያነሳኸው ነገር ቀላል አይደለም። ያኔ ማፈን ግድ ነበር፣ የሚቀበረው ብዙ፣ ለማልቀስም አቅም የለ፣ ያ ትውልድ ዘግቶ ነው የተረፈው። ግን አልፏል ወይ? እኛ ሰፈር አንድ አሮጊት አሉ፣ ዛሬም ፍርፋሪ መሬት ላይ ካዩ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ስለዛ አመት ግን ለልጆቻቸው እንኳን ቃል ተንፍሰው አያውቁም። እኔ ይሄን አልፏል ለማለት ይከብደኛል።

የደብረ ብርሃኑም እንደዛው ነው፣ በዛን ሰአት መዝጋትህ ትክክል ነበር። ጆርጅ ቦናኖ የሚባል ተመራማሪ አሜሪካ ላይ ከደረሰው የሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ የኒውዮርክ ኮሌጅ ተማሪዎችን ተከታትሎ በ2004 ያወጣው ጥናት አለ፣ በጊዜ ብዛት የተሻለ ሁኔታ ላይ የተገኙት ሁልጊዜ የሚያወጡትም ሁልጊዜ የሚደብቁትም አይደሉም፣ እንደ አስፈላጊነቱ ሁለቱንም የሚችሉት ናቸው። አንተ አንዱን በደንብ ትችላለህ፣ የቀረህ ሌላኛው ነው።

አሁን ጥያቄ ልጠይቅህ። እንቅልፍህ እንዴት ነው? ምግብስ? ጫት ትቅማለህ? ደግሞ አባትህ ያረፉ ቀን፣ ገና ለማንም ሳትናገር፣ መጀመሪያ የተሰማህ ነገር ምን ነበር? እዚህ መመለስ የለብህም፣ ለራስህ አስበው።

ኡሙ ሰሚር

ወንድሜ አላህ ይርሀማቸው። እኔ የወረኢሉ ልጅ ነኝ፣ ሪያድ ሰው ቤት ነው የምሰራው። እዚህ ፊት ማሳየት የለም ወላሂ፣ ማዳም ስትጮህ ፈገግ ነው፣ ልጆቹ ሲተፉብሽ ፈገግ ነው፣ የናቴ መርዶ የደረሰኝ ቀን እንኳን ቤቱ እንግዳ ነበረውና ሻይ ሳመላልስ ዋልኩ፣ ማታ ሽንት ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ ነው ያለቀስኩት እንዳይሰሙኝ። እና ገራዶ ያለውን እኔ ሳልማር ነው የማውቀው፣ መደበቅ አንዳንዴ እንጀራ ነው፣ ፈልገሽ አይደለም የምትደብቂው። እኔን ያቆየኝ ግን አርብ ማታ ነው። የሀገር ልጆች ኢሞ ላይ እንገባለን፣ አንዷ ስለ ልጇ ታለቅሳለች፣ አንዷ ማዳሟን እያስመሰለች በሳቅ ትገድለናለች፣ አንዷ የላከችውን ብር የበላባትን ወንድሟን ትረግማለች፣ ሁሉም ባንድ ሰአት፣ ማንም ማንንም ዝም በይ አይልም። አንተ አርብ ማታ የለህም መሰለኝ።

ደግሞ ወንድ ሰው ፊት አያለቅስም የምትሉት እኔ አላምንም። ሀገሬ መንዙማ ላይ ድቤው ሲመታ ስንቱ ሽማግሌ ፂሙ እስኪርስ ሲያለቅስ አይቼ ነው ያደግኩት፣ ጠዋት ደግሞ እርሻው ላይ ነው። ዱበርቶቹም፣ ትልልቅ ሴቶቹ ማለቴ ነው፣ ወዳጃ የሚባለው የዱዓ መሰባሰቢያ ላይ ቡናው ተፈልቶ ዱዓ ሲያደርጉ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ነው፣ ደካማ ናቸው ያላቸው የለም፣ እንደውም ሰፈሩ በነሱ ዱዓ ነው የሚመካው።

ጦሳ ስር

እህቴ ሌላውን ልቀበልሽ፣ ግን ሀዘን ላይ መጮህ ደረት መምታት በዲናችን የተከለከለ ነው፣ ሰብር ነው የታዘዝነው። ወንድማችን ያንን ስለጠበቀ ሊወቀስ አይገባም።

ኡሙ ሰሚር

ማን ወቀሰው? ሙሾ አውርድ ያለውስ ማን ነው? ነቢያችን ሰለላሁ አለይሂ ወሰለም ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አላለቀሱም እንዴ? አይን ያነባል ልብም ያዝናል፣ ጌታችንን የሚያስቆጣ ነገር ግን አንናገርም ነው ያሉት። ያዕቆብስ? ልጆቹ ዩሱፍን ተኩላ በላው ሲሉት ያማረ ትዕግስት ነው ያለው፣ ግን በዛው ሱራ ላይ አይኑ ከሀዘን ብዛት እስኪነጣ ድረስ አዘነ ይላል፣ ጭንቀቴንና ሀዘኔን ወደ አላህ ብቻ ነው የማሰማው ብሎ ተናገረ። ተናገረ እኮ ነው የምልህ! ሰብር ማለት ምንም አለመሰማት ቢሆን ኖሮ አይኑ ባልጠፋ።

ጦሳ ስር

እሺ በዚህ አልከራከርሽም።

የላስታ ሰው

እኔ ክርስቲያን ነኝ ወልድያ ነው ያለሁት፣ ጨዋታው ስለጣመኝ ነው የገባሁት። እኛም ጋ ያው ነው፣ ወንጌሉ ላይ ኢየሱስም እንባውን አፈሰሰ ተብሎ ተጽፎ አልዓዛር መቃብር ጋ ጌታ ያለቀሰውን እኛ ወንዶቹ እናፍራለን። ድሮ አልቃሿ ነበረች፣ ሰውየውን በሙያው በጀግንነቱ እያነሳች ስትደረድር ድንጋይ የሆነም ይፈነቀላል፣ አሁን ድንኳኑ ውስጥ ካርታ ተጫውተህ ስልክ ነካክተህ ሶስት ቀን ሞልቶ ትሄዳለህ።

ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ለቅሶ ቤት ቦታ የሚሰጠው ለሀዘን ብቻ ነው። ሟቹን ተቀይመኸው ከነበረ የት ትወስደዋለህ? ፈርተህስ? እኔ አጎቴ ሲሞት ያልከፈለኝን ብር ነበር የማስበው፣ አሁን ይሄን ድንኳን ውስጥ ማን አፉን ሞልቶ ይናገራል። የሞተ ሰው ሁሉ ደግ ነው እኛ ሀገር። ይሄን ያልኩት ወንድማችን ያጣው ሀዘን ላይሆን ይችላል ብዬ ነው፣ ሌላ ነገር በሩ ላይ ተቀምጦ ይሆናል።

ሸዋበር ሰፈር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ይሄን ያህል ሰው ይመልስልኛል አላልኩም። ለገራዶ፣ እንቅልፌ ተዛብቷል፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰአት ነቅቼ እቀራለሁ። ምግብ እበላለሁ። ጫት አርብ አርብ በርጫ ነበር የምንቀመጠው አሁን ግን ሱቅ ውስጥ ብቻዬን በየቀኑ ሆኗል፣ ምርቃናው ላይ እያለሁ ትንሽ ሰው የሆንኩ ይመስለኛል።

የመጨረሻዋን ጥያቄህን ሳያት ስልኩን ዘግቼው ነበር። የላስታው ሰው የጻፈውን ሳይ ነው የተመለስኩት። በእውነተኛ ስሜ ስላልሆነ ልናገረው። አባዬ ያረፈ ለታ ሌሊት ብቻዬን ነበርኩ አጠገቡ። ትንፋሹ ሲቆም መጀመሪያ የተሰማኝ ቅልል ማለት ነው። ነገ ማገላበጥ የለም፣ ማጠብ የለም፣ በቱቦ መመገብ የለም፣ በሌሊት ማቃሰቱን መስማት የለም፣ መድሃኒት ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ መዞር የለም፣ አልሀምዱሊላህ ብዬ ነው ወደ ኋላ የተደገፍኩት። ከዛ ምን አይነት ልጅ ነኝ አልኩና ተነስቼ ስልክ መደወል ጀመርኩ፣ ያው እስከዛሬ እየደወልኩ ነው ማለት ይቻላል። ሰዎቹ ጠንካራ ሲሉኝ ውስጤ የሚለው «ቢያውቁ ኖሮ» ነው። እናቴ ብትሰማ ምን ትላለች።

ኡሙ ሰሚር

አፈር ስሆን ወንድሜ እንዲህ አትበል። ያስታመመ ሰው ነው እኮ የሚቀለው፣ ያላስታመመማ ከምኑ ይቀለዋል።

ገራዶ

ስለነገርከን አመሰግናለሁ። በ2003 ሪቻርድ ሹልዝና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ የመርሳት በሽታ ያለባቸውን ዘመዶቻቸውን ቤት ውስጥ ሲያስታምሙ የነበሩ ሰዎችን አጥንተው ነበር፣ ታማሚዎቹ ከሞቱ በኋላ 72 በመቶ የሚሆኑት አስታማሚዎች ሞቱ ለራሳቸው እፎይታ እንደነበር ተናግረዋል። እነዚህ ዘመዶቻቸውን የጠሉ ሰዎች አይደሉም፣ ስራቸውን ሳይቀር ትተው ያስታመሙ አሉባቸው። በብዛት ያለ ነገር ነው፣ ድንኳን ውስጥ ስለማይወራ ብቻ ነው አንተ ብቻህን የሆንክ የመሰለህ።

እንደኔ ሀሳብ የሆነው ይሄ ነው፣ ያቺ እፎይታ መጣች፣ አፍረህባት ወዲያው ዘጋሃት፣ ከሷ ኋላ ያለው ሁሉ አብሮ ቀረ፣ ናፍቆቱም፣ ስትሮኩ ከመታው ጀምሮ ያለው ፍርሃትም፣ ምናልባት ማስታመሙን ለአንተ ጥለው በሄዱት ወንድምና እህቶችህ ላይ ያለው ንዴትም (ይሄ ግምቴ ነው፣ ካልሆነ ተወው)። እፎይታና ሀዘን አንድ ልብ ውስጥ ባንድ ቀን ይገባሉ፣ አንዱ ሌላውን ውሸት አያደርገውም።

በምን ይከፈታል ላልከው፣ ሰው ፊት ካልፈለግክ በወረቀት ጀምር። ጄምስ ፔንቤከር በ1986 ባወጣው ጥናት ተማሪዎችን በቀን 15 ደቂቃ ለተከታታይ 4 ቀን ስለከበዳቸው ነገር እንዲጽፉ አድርጎ ነበር፣ በጻፉበት ሰሞን ስሜታቸው ከፋ እንጂ አልተሻለም፣ በቀጣዮቹ ወራት ግን ክሊኒክ የሄዱበት ቁጥር ከሌሎቹ ያነሰ ነበር። ስለዚህ ስትጽፍ ቢከፋህ አትደንግጥ። ሌላው ሲሰማህ ምን እንደሆነ ለይተህ ጥራው፣ ቁጭት ነው? ሀፍረት ነው? ናፍቆት ነው? ማቲው ሊበርማን በ2007 አእምሮን በሚያሳይ ማሽን እንዳሳየው ሰው ያየውን ስሜት በስሙ ሲጠራው አሚግዳላ የሚባለው፣ ለሚያስፈራና ለሚያስደነግጥ ነገር ቶሎ የሚነሳው የአእምሮ ክፍል፣ ረገብ ይላል። «ደብሮኛል» ብቻ ብለህ አትለፈው።

ጫቱን ግን ቀንስ፣ በዚህ ላይ አልለሳለስም። ውስጡ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ነው፣ ምርቃናው ሲያልፍ ድብርት ያመጣል፣ የሌሊት ዘጠኝ ሰአቷም የሱ እጅ ሊኖርባት ይችላል። ደስታ ማጣቱና እንቅልፍ መዛባቱ ከ2 ሳምንት በላይ አብዛኛውን ቀን ከቆየ ድብርት የሚባለው ህመም መሆን አለመሆኑ በባለሙያ መታየት አለበት፣ ያንተ ደግሞ ከክረምት ጀምሮ ነው። ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ህክምና ክፍል አለ፣ እዛ መሄድ ማበድ አይደለም። ሞትን የመመኘት ሀሳብ ብልጭ ካለብህ ግን ቀጠሮ ምናምን ሳትጠብቅ በዛኑ ቀን ሂድ፣ ለባለቤትህም ንገራት።

ኮምቦልቻ ልጅ

ቦክሱን ተወው ስትለኝ ትንሽ ከፍቶኝ ነበር 😅 ስሜቴን በስሙ ጠራሁት እንግዲህ። ብሮ አይዞህ፣ የኔም አያት እንደዛ ነው የሞተው፣ ቤታችን ሁሉም ቀሎት ነበር ማንም አላወራውም።

የላስታ ሰው

ለእናትህ ብትነግራትስ? እሷም አብራ አስታማለች፣ እሷም ያንተን እየፈራች ዝም ብላ ይሆናል እኮ።

ኡሙ ሰሚር

አይ አይ እኔ አይመስለኝም። አርባ አመት የኖረችው ባሏ ነው፣ ኢዳዋ (ባሏ የሞተባት ሴት የምትጠብቀው ጊዜ) ላይ ያለች ሴት ጋ ሄዶ ሲሞት ቀለለኝ አይባልም፣ ሁሉም ቦታ ሁሉም ነገር ይነገር ማለት አይደለም። መጀመሪያ ለሚስትህ ንገራት፣ ግድግዳ ያለችህ እሷ ናት፣ ሌሊት ማታ ማታ ስታገላብጠው ያየችህም እሷ ናት።

ገራዶ

ኡሙ ሰሚር ትክክል ናት፣ እናትየው ትቆይ።

ሸዋበር ሰፈር

እናቴ ኢዳዋን እስክትጨርስ አልነካካትም። ትናንት ማታ ልጄ ከተኛች በኋላ ለባለቤቴ ነገርኳት፣ እዚህ የጻፍኩትን ነው አንብቢው ብዬ ስልኩን የሰጠኋት፣ በአፌ እምቢ አለኝ። አንብባ ስትጨርስ «እኔም እኮ ቀሎኝ ነበር» ነው ያለችው፣ ከዛ ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ተናደድኩባት፣ ጮህኩባት፣ ጎረቤት ሳይሰማ አይቀርም። እሷ ትስቃለች። አላለቀስኩም፣ ላስቀረው ሞክሬም አይደለም፣ አልመጣም። ሆስፒታሉን ማክሰኞ ሱቁን ለወንድሜ ጥዬ እሄዳለሁ። ገራዶ፣ ካርድ ለማውጣት በጠዋት ስንት ሰአት ብደርስ ነው የሚሻለው?

ገራዶ

ሁለት ሰአት ሳይሞላ ድረስ፣ የጤና መድህን ካለህ ደብተርህን ያዝ። የምትወስዳቸው መድሃኒቶች ካሉ እነሱንም ይዘህ ሂድ፣ የጫቱንም ጉዳይ ሳትቀንስ ንገራቸው።